የአነስተኛ መኪና ዳኛ ማነው? ከዘውድ በዓል ሳፋሪ እስከ ቪትዝ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። የመኪናን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። በናይሮቢ ጎዳናዎች በየደቂቃው የምናያት ቶዮታ ቪትዝ፣ በአንዳንዷ ጀርባ ላይ የተለጠፉት «አር ኤስ» የሚሉት ፊደላት፣ እንዲሁም በናይቫሻ አቧራ ውስጥ የሳፋሪን ውድድር ደጋግማ ያሸነፈችው ያሪስ በአንድ ቤተሰብ ስም ይጠራሉ። በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ ወይ? ጥያቄው የመኪና አፍቃሪዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በዚህች ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ፣ ባለ አገርም ይሁን ስደተኛ፣ መኪና መግዛት የዓመታትን ቁጠባ በአንድ ቀን ማውጣት ማለት ነው። በታክሲ ለሚተዳደር ሰው ደግሞ የእንጀራ ጉዳይ ነው። መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ታሪኩን ማየት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዋጋ የተመደቡ መኪኖች

የሳፋሪ ውድድር የተጀመረው በ1953 ሲሆን ምክንያቱም የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን ነበር። ስለዚህም «የዘውድ በዓል ሳፋሪ» ተባለ። መንገዱ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና የያኔዋን ታንጋኒካን ያካልል ነበር። ከደንቦቹ ሁሉ ይልቅ ዛሬ ልብ ልንለው የሚገባን አንዱ ነው፤ ይኸውም መኪኖቹ በየምድባቸው የሚከፈሉት እንደ ሌላው ዓለም በሞተራቸው መጠን ሳይሆን በመሸጫ ዋጋቸው ነበር። አዘጋጆቹ የጠየቁት ጥያቄ የገዢው ጥያቄ ነበር ማለት ነው፦ «በዚህ ገንዘብ ከሚገዙት መኪኖች ይህን መንገድ የሚችለው የትኛው ነው?»

በዚያው ዓመት ከሁሉ ያነሰ የቅጣት ነጥብ ይዞ የጨረሰው አለን ዲክስ የነዳው ቮልስዋገን ነበር፤ አዲስ አበቤ «ቮልስ» እያለ የሚጠራት ያቺ ድብልብል መኪና። ሞተሯ 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ይሁንና በ1954፣ በ1957 እና በ1962ም ቮልስ አሸነፈች። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ሞተሯ ከኋላ፣ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለተቀመጠ ጭቃ ውስጥ ጎማዎቹ መሬት ይቆነጥጣሉ። የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ የሚፈላ ውሃ የለም። ሆዷም ልሙጥ ስለሆነ ድንጋይ በቀላሉ አይዘው። ውድድሩ ለብዙ ዓመታት የሚካሄደው በፋሲካ ሰሞን፣ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት ስለነበር እነዚህ ባሕርያት ከፍጥነት ይልቅ ዋጋ ነበራቸው። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ መሆናቸው የመንገዱን ክፋት ይመሰክራል።

በዚያ ዓመት ያሸነፈው ፔጆ 404 ነበር። በ1966፣ በ1967 እና በ1968ም ድሉ የእርሱ ሆነ። በመካከሉ፣ በ1965፣ ጆጊንደር ሲንግ ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ሆኖ በሁለተኛ እጅ በገዛው ቮልቮ አሸነፈ። የምሥራቅ አፍሪካ ገዢ ከዚህ ትምህርት ወሰደ። ፔጆ ከከተማ ከተማ ሕዝብ የሚያመላልስ መኪና የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በፋሲካ ጭቃ ሲፈተን ሰው በዓይኑ አይቶታል። ያን ጊዜ ዳኛው መንገዱ ነበር፤ ፍርዱም በቀጥታ ለገዢው ይሠራ ነበር።

በመኪናው ጀርባ ላይ ያሉ ፊደላት

ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሸናፊዎቹ ስም ላይ ፊደላት ይጨመሩ ጀመር። በ1964 ፎርድ ኮርቲና «ጂ ቲ»፣ በ1970 ዳትሰን 1600 «ኤስ ኤስ ኤስ»፣ በ1972 ፎርድ ኤስኮርት «አር ኤስ» 1600፣ በ1974 እና በ1976 ደግሞ ሚትሱቢሺ ላንሰር 1600 «ጂ ኤስ አር» አሸነፉ። ሙያዬ ትርጉም ስለሆነ እንዲህ ያሉ ፊደላት ዓይኔን ይስቡታል። «ጂ ቲ» ከጣሊያንኛው «ግራን ቱሪስሞ» የመጣ ነው፤ ረጅም ጉዞን ያመለክታል። ዳትሰን ሦስቱን ፊደላት «ሱፐር ስፖርት ሴዳን» ብሎ ይፈታቸዋል። የፎርድ «አር ኤስ» ደግሞ «ራሊ ስፖርት» ማለት ነው። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ይህች የጎረቤትህ መኪና ናት፤ ግን አይደለችም።»

ኤስኮርት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ተራዋ ኤስኮርት 1.1 ወይም 1.3 ሊትር ሞተር ይዛ ወደ ሥራ የምታመላልስ ትሑት መኪና ነበረች። ሐኑ ሚኮላ የነዳት «አር ኤስ» ግን ባለ 16 ቫልቭ የእሽቅድምድም ሞተር ነበራት፤ እርሱም ከባሕር ማዶ መጥቶ ሳፋሪን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አካሏ ከተራዋ ጋር አንድ ቢሆንም ልቧ ሌላ ነበር። በመንገድ መኪናና በውድድር መኪና መካከል ያለው ርቀት መስፋት የጀመረው በዚህ ዘመን ነው።

ፊደሉ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን የምትነግረን ደግሞ ሚኒ ኩፐር ናት። ሚኒ ከከተማ መኪኖች ሁሉ የስፖርት ዝርያዋ እጅግ የገነነላት ናት፤ የሞንቴ ካርሎን ውድድር በ1964፣ በ1965 እና በ1967 አሸንፋለች። ሳፋሪን ግን አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። ባለ 10 ኢንች ጎማና መሬት የሚልስ ወለል ይዞ የምሥራቅ አፍሪካን ጉድጓድ መሻገር ሌላ ፈተና ነው።

ቪትዝና ዘመዶቿ

ቪትዝ የተወለደችው በጃንዋሪ 1999 ጃፓን ውስጥ ነው። ቅርጿን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ነበር። ስሟ «ብልሃትና ቀልድ» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን በአውሮፓ ግን «ያሪስ» ተባለች፤ ይህም በግሪክ ተረት ካሉት የውበት አማልክት ስም የተቀዳ ነው። በጃፓን የዓመቱ መኪና፣ በ2000 ደግሞ የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች። ጃፓንም ኬንያም በግራ ስለሚነዱ፣ ኬንያም ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ስለማታስገባ፣ ጃፓናዊው ጥቂት ዓመት ነድቶ የተዋት ቪትዝ በሞምባሳ ወደብ በኩል ገብታ ናይሮቢን ሞላች።

የስፖርት ዝርያዎቿም ብዙ ናቸው። የመጀመሪያዋ ቪትዝ መነሻ ሞተር 1 ሊትር ሲሆን ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ባለ 1.5 ሊትሩ «አር ኤስ» ደግሞ ወደ 110 ይደርስ ነበር። በ2013 ቱርቦ የተገጠመላቸው «ጂ አር ኤም ኤን» የተባሉ 200 መኪኖች ብቻ ተሠሩ። በ2020 ጂ አር ያሪስ መጣች፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር 1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተር፣ በአራቱም ጎማ የምትገፋ፣ በጃፓን 272 የፈረስ ጉልበት ያላት። ከተራዋ ያሪስ ጋር የምትጋራው እንደ መብራት ያሉ ጥቂት ውጫዊ ክፍሎችን ነው፤ የኋላ መሠረቷ እንኳ የተወሰደው ከኮሮላ ነው። በዚያው ዓመት በጃፓን ቪትዝ የሚለው ስም ቀረ። ስሙ በ2023 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንደገና ብቅ ሲል የተሰጠው ለሱዙኪ ሴሌሪዮ ነበር። ስምና ነገር ከዚህ በላይ ሊራራቁ አይችሉም።

አሁን ወደ ሳፋሪ እንመለስ። ውድድሩ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ ቆይቶ በ2021 ተመለሰ። ከዚያ ዓመት እስከ 2025 ድረስ አምስቱንም ጊዜ ያሸነፈችው ያሪስ ናት፦ ሴባስቲያን ኦዢየር በ2021 እና በ2023፣ ካሌ ሮቫንፔራ በ2022 እና በ2024፣ ኤልፊን ኢቫንስ በ2025። በ2022 እና በ2023 ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት በሙሉ ቶዮታዎች ነበሩ። ሆኖም ከ2022 ጀምሮ የዚህች መኪና አጥንት ለውድድር ብቻ በብረት ቱቦ የተበየደ ነው፤ ከላይ የለበሰችው የያሪስን መልክ ነው። ስለዚህ በ1962 ቮልስ ስታሸንፍ ባለ ቮልሱ «የእኔዋ አሸነፈች» ማለት ይችል ነበር። ዛሬ ባለ ቪትዙ እንደዚያ ቢል ራሱን ያታልላል።

ታዲያ ማን ይፍረድ?

ውድድሩ ለገዢው መፍረዱን ከተወ፣ ፍርዱ ወደ ገዢው ራሱ ይመለሳል። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ስለዚህ የባለ 1 ሊትሯ 70 ጉልበት እዚህ ከ60 በታች ይወርዳል፤ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው በአዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አራት ሰው ጭና ከማይ ማሂዩ ወደ ሊሙሩ ስትወጣ የሚሰማው የሞተር ጩኸት ይኸው ነው። ለከተማ ውስጥ ምልልስ ግን፣ በነዳጅ ቁጠባዋና በመለዋወጫዋ መገኘት፣ የሚያህላት ጥቂት ነው። ኪሪኒያጋ ጎዳና፣ በድሮ ስሙ ግሮጋን፣ ላይ ላሉት ሱቆችና መካኒኮች ቪትዝ እንግዳ አይደለችም።

የ«አር ኤስ» ፍርድ ለሁለት ይከፈላል። ሞተሩ መልካም ነው፤ የሚጠቅመውም ለመሮጥ ሳይሆን ከፍታው የወሰደውን ለመተካትና ዳገት ላይ የጭነት መኪና ለመቅደም ነው። እግሯ ግን ለዚህ አገር አልተፈጠረም። ጠንከር ያለው ሞላና ጎኑ የሳሳው ጎማ ለተስተካከለው የጃፓን አስፋልት ነው፤ በየሠፈሩ መግቢያ ባለው የፍጥነት መግቻ ላይ ክፍያው ከባድ ነው። የሚገዛት ሰው ወፈር ያለ ጎማ ቢያደርግላት ያተርፋል። ቱርቦ ያላቸው ዝርያዎች ደግሞ ድንቅ ሥራዎች ቢሆኑም፣ ሁለት መቶ ብቻ የተሠራ መኪና ሲሰበር መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ለብዙኃኑ ቤተሰብ ሚዛኑ የሚያርፈው ባለ 1.3 ሊትሯ ላይ ነው።

ይህ ነገር ለአዲስ አበባ አንባቢም ባዕድ አይደለም። «ስድስት መቶ» የሚለው የጣሊያንኛ ቁጥር «ሴቼንቶ» ሆኖ የትንሿ ፊያት ታክሲ ስም የሆነባት ከተማ ናት። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን አስወደደ፤ በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለች። ስለሆነም ቀድመው የገቡት ቪትዞች ሌላ እስኪተካቸው በብዙ ጥገና የሚያገለግሉ ሆነዋል፤ አስተውሎ መምረጥም ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አለው።

የ1953ቱ አዘጋጆች መኪኖችን በዋጋቸው መመደባቸው ዛሬም ከተሻሉት ደንቦች አንዱ ሆኖ ይታየኛል። ገዢ ሆኖ የቀረበ ሰው ያንኑ ደንብ ለራሱ ሊያውለው ይችላል። መኪናዋን ከጂ አር ያሪስ ጋር ሳይሆን በዚያው ገንዘብ ከሚገኙት ጋር ያወዳድር። በየቀኑ የሚሳፈሩትን ሰዎች ጭኖ በየቀኑ የሚወጣውን ዳገት ይሞክርባት። ወለሏ ሠፈሩ መግቢያ ላይ ይነካ እንደሆነ ይይ። በጀርባዋ ላይ ያሉትን ፊደላት ካነበበ በኋላ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ያለውን ይመርምር።