ለሴቶች አነስተኛ ንግድ የማይመለስ ገንዘብ፦ የት ይገኛል? ምንስ ይጠይቃል?

“ፈንድ” ወይም “የገንዘብ ድጋፍ” ሲባል የሚመለሰው ብድርም የማይመለሰው ስጦታም በአንድ ስም ይጠራሉ። ንግዷን ለማስፋት ገንዘብ የምታፈላልግ ሴት ግን ውል ከመፈረሟ በፊት ልትለየው የሚገባት ይህንኑ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ በሴቶች ስም የተቋቋሙት ታዋቂ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሚሰጡት ብድር ነውና።

የኢትዮጵያ የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት እ.አ.አ. በ2012 ሲጸድቅ የዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር መድቦለት ነበር። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ወደ ብድርና ቁጠባ ተቋማት ይሄዳል፤ ነጋዴዋ ዘንድ የሚደርሰው ከነወለዱ በሚመለስ ብድር መልክ ነው። ፕሮጀክቱ የተነሣበት ችግር ብዙዎች የሚያውቁት ነው፦ አነስተኛ የብድር ተቋማት የሚሰጡት ገንዘብ ለሚያድግ ንግድ ያንሳል፤ ባንኮች ደግሞ ብዙ ጊዜ በሴቷ ስም ያልተመዘገበ ቤት ወይም ተሽከርካሪ በመያዣነት ይጠይቃሉ። እ.አ.አ. በ2007 የተቋቋመው የኬንያ የሴቶች ኢንተርፕራይዝ ፈንድም ለተደራጁ ሴቶች ያበድራል። የኡጋንዳው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ፕሮግራም በአንድ ዓመት ውስጥ በሚመለስ ገንዘብ ላይ ወለድ ባያስብም ዋናው ገንዘብ ተመላሽ ነው። የአፍሪካ ልማት ባንክ በበኩሉ በአህጉሪቱ ሴት ነጋዴዎች የሚያጡትን ብድር 42 ቢሊዮን ዶላር ገምቶ “አፋዋ” የተባለ መርሃ ግብር ዘርግቷል። የመርሃ ግብሩ ዋና መሣሪያ ለአበዳሪ ባንኮች የሚሰጥ ዋስትና በመሆኑ፣ አመልካቿ ጉዳይዋን የምትጨርሰው ከራሷ ባንክ ጋር ነው።

ለግል ነጋዴ በቀጥታ ከሚሰጡ የማይመለሱ ድጋፎች መካከል በሰፊው የሚታወቀው የናይጄሪያዊው ባለሀብት የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን ነው። ከ2015 ጀምሮ ከ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ለሚመረጡ ጀማሪዎች 5 ሺህ ዶላር መነሻ ካፒታል ይሰጣል። ለሴቶች ብቻ የተለየ ባይሆንም ክፍት ነው። ማመልከቻው በጥር መጀመሪያ ይከፈታል፤ ክፍያ አይጠየቅበትም። ንግዱ ገና በሐሳብ ያለ ወይም ዕድሜው ከአምስት ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት፤ በበይነ መረብ የሚሰጠውን ሥልጠና መጨረስም ግዴታ ነው። ማመልከቻው በአማርኛ ስለማይቀርብ ቋንቋው የሚከብዳት ሴት የምታምነው ሰው ቢያግዛት መልካም ነው፤ የይለፍ ቃሉና ስልኩ ግን በእጇ ይሁን። መቀመጫውን አክራ ያደረገው የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድም የማይመለስ ገንዘብ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ለሴቶች ድርጅቶች እንጂ ለግል ሱቅ አይደለም።

በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩ የለጋሾች ዝርዝሮች በፍጥነት ያረጃሉ። የአሜሪካ አፍሪካ ልማት ፋውንዴሽን ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለአነስተኛ ድርጅቶች እስከ 250 ሺህ ዶላር ይሰጥ ነበር። በየካቲት 2025 የወጣ የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ሕልውናውን አናግቶታል። ዩኤስኤይድም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ሥራውን አቁሟል።

ገንዘቡ ቢገኝስ ለውጥ ያመጣል? በኡጋንዳ ሰሜን ከጦርነት በኋላ በ120 መንደሮች የተካሄደ ጥናት 150 ዶላር፣ አጭር ሥልጠናና ክትትል ያገኙ እጅግ ድሃ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ገቢያቸው በእጥፍ ገደማ ማደጉን አሳይቷል። በኢትዮጵያ ደግሞ ለፋብሪካ ሥራ ላመለከቱ ወጣቶች 300 ዶላር ገደማና ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል ቢያድግም ከአምስት ዓመት በኋላ ካልተሰጣቸው ጋር ተስተካክለዋል። ከሁሉም የሚያስተምረው የጋናው ነው። በጥሬ ገንዘብ የተሰጠው ብዙውን ጊዜ በቤት ወጪ አልቋል፤ ሻል ያለ ንግድ የነበራቸው ሴቶች ግን ድጋፉ በዕቃ ሲሰጣቸው ትርፋቸው አድጓል። ጥሬ ብር በእጅ ሲገባ የትምህርት ቤት ክፍያውም፣ የዘመድ ሕመሙም፣ የባል ሥራም አብረው ይደርሱበታል። ለጋሾች ገንዘቡን ለነጋዴዋ ከመስጠት ይልቅ ለማሽን ሻጩ መክፈልን የሚመርጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ “የሥራ ማስኬጃ” የሚል ጥቅል መጠየቂያ አያዋጣም። እንጀራ የምታከፋፍል ሴት ስንት ምጣድ እንደምትገዛ፣ ከማን፣ በስንት ብር እንደሆነ ከፕሮፎርማ ጋር ብታቀርብ ይሻላታል። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ከቤት ወጪ የተለየ የባንክ ሒሳብ ያስፈልጓታል። ፈቃዱ በባሏ ወይም በወንድሟ ስም ከሆነ፣ ሥራውን ሙሉ በሙሉ እሷ ብትሠራውም ንግዱ በወረቀት የእሷ አይደለም። በደብተር የተያዘ የዕለት ሽያጭ ከተዋበ የንግድ ዕቅድ በላይ የሚያሳምንበት ጊዜ አለ፤ የእቁብ ክፍያን በሰዓቱ የመጣል ልማድም ለመዝገብ አያያዝ ጥሩ መነሻ ነው።

ማጭበርበሩም በዚሁ ጉጉት ላይ የተመሠረተ ነው። “ተመርጠሻል” የሚል መልእክት ባላመለከተችበት ነገር ከደረሳት፣ ወይም ገንዘቡን ለመልቀቅ “የማስፈጸሚያ” ክፍያ በሞባይል እንድትልክ ከተጠየቀች፣ መላኩን ትታ የድርጅቱን ዋና ድረ ገጽ ራሷ ከፍታ ታጣራ። በአሜሪካ የሚኖሩ የሐበሻ ነጋዴዎችም “የመንግሥት ስጦታ” በሚል ስም ተመሳሳይ ጥሪ ሊደርሳቸው ይችላል። የአገሪቱ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር ግን ንግድ ለመጀመርም ሆነ ለማስፋት የማይመለስ ገንዘብ አይሰጥም፤ በሚደግፋቸው የሴቶች ንግድ ማዕከላት የምክርና የሥልጠና አገልግሎት ማግኘት ይቻላል።