ስፍርና ሚዛን፦ የዕቃ ጭነት ዋጋ በቃላት ታሪክ

የሐሙሲት ከተማ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። «ኀሙስ» በግእዝ አምስተኛው ቀን ማለት ሲሆን የወጣውም አምስት ከሚለው ቁጥር ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «-ኢት» የሴት ጾታ ምልክት ነው። ከጎንደር በታች ያለችው ማክሰኚትም ስሟን በዚሁ መንገድ ከማክሰኞ ወስዳለች፤ አርብ ገበያ ደግሞ ቀኑንም ገበያውንም በስሟ ይዛለች። በዚህ አገር የከተማ ስም መጥራት ዕቃ የት፣ መቼ እንደሚወጣ መናገር ነው።

ዛሬ የዚህ አካባቢ ዕቃ ከገበያው አልፎ ባሕር ይሻገራል። ልጇ ውጭ አገር ያለች እናት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ አንዳንዴም መሶብ ትልካለች። ብዙ ላኪ የሚደናገጠውም መሶቡ ላይ ነው። ቁመቱ 50፣ ርዝመቱና ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን የታሸገ መሶብ ሚዛን ላይ ሲወጣ 3 ኪሎ ላይሞላ ይችላል። የሚጠየቅበት ሒሳብ ግን የ16 ኪሎ ሊሆን ይችላል። «ኧረ ልጄ፣ ባዶ እኮ ነው!» ብትል ሐቋን ነው። «እናቴ፣ ያስከፈለዎት ክብደቱ ሳይሆን የያዘው ቦታ ነው» የሚላት ሠራተኛም አልዋሸም። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው የቃላት ታሪክ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። በአየር የሚያጓጉዙ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍላሉ። 40 ሲባዛ በ40፣ ሲባዛ በ50፣ 80,000 ይሆናል፤ ለ5,000 ሲካፈል 16 ይመጣል። ከዚያ ይህን ቁጥር ከእውነተኛው ክብደት ጋር አስተያይተው በሚበልጠው ያስከፍላሉ። በመደበኛው የአየር ጭነት አካፋዩ ብዙ ጊዜ 6,000 ነው። በሌላ አነጋገር በ5,000ው ሒሳብ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን የሚያህል ቦታ የያዘ ዕቃ ላባም ቢሆን ቢያንስ የ1 ኪሎ ዋጋ ይጠየቅበታል። አውሮፕላን የሚሞላው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ክብደቱ ከአቅሙ ይደርሳል፣ ወይ ቦታው ያልቃል። ቀድሞ ያለቀው ዋጋውን ይወስናል።

ይህ አሠራር አዲስ ይመስላል እንጂ አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ለሁለቱም ስም አለው፦ ስፍርና ሚዛን። «ሰፈረ» በግእዝም በአማርኛም ለካ ማለት ነው፤ እህል በቁናና በዳውላ የሚለካበት ቃል ነው። ቁናው የሚያውቀው ምን ያህል ቦታ እንደሞላ እንጂ ምን ያህል እንደከበደ አይደለም። «መስፈሪያ» እና «መስፈርት» የተወለዱት ከዚህ ነው፤ ዛሬ ለሥራ ቅጥር የሚወጣው መስፈርት ዘሩ የእህል መለኪያ ነው። ብዛቱ የማይታወቅን ነገር «ስፍር ቁጥር የሌለው» ስንልም ሁለት የመለኪያ ዘዴዎችን አንድ ላይ እየጠራን ነው።

«ሚዛን» ሌላ ዘር አለው። ቃሉ በዐረብኛም ይኸው ሚዛን ነው፤ ሥሩም «ወዘነ» ነው። አማርኛው «መዘነ» የሚለውን ግስ ያወጣው ከስሙ ነው። ከዚያ በፊት ግእዝ የራሱ ቃል ነበረው፦ «ደለወ» መዘነ፣ «መዳልው» ሚዛን ማለት ነው። ያው «ደለወ» ተገባ፣ የተገባው ሆነ ማለትም ነው፤ «ይደሉ» ስንል የምንሰማው እሱን ነው። ከዚሁ ሥር «አድልዎ» ወጥቷል፤ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ማጋደል ማለት ነው። ነጋዴ ሚዛኑን ሲያሳስት የሚሰማን ቁጣ በቋንቋው ውስጥ ከፍትሕ ጋር በአንድ ሥር ተይዟል።

«ክብደት» ደግሞ ከሴማውያን ቋንቋዎች ጥንታዊ ቃላት አንዱ ነው። በግእዝ «ክቡድ» ከባድ ነው፤ በዕብራይስጥ «ካቤድ» ሁለቱንም፣ ከባድንም ጉበትንም ያመለክታል። ትግርኛ ሆድን «ከብዲ» ይላል። ሰው ክብደትን መጀመሪያ የለካው በገዛ ሰውነቱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

«ጭነት» ከግእዙ «ጸዐነ» የመጣ ነው። «ተጽዕነ» ሲሆን በእንስሳ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ዛሬም «በቅሎውን ጫነ» ስንል ኮርቻውን ማለታችን ነው። ስለዚህ ጭነት በመጀመሪያ ትርጉሙ የእንስሳ ጀርባ የሚችለው ልክ ነበር። ከዚያ በላይ የሆነ ነገር አይጫንም፣ ይጎተታል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ የተሠራው መድፍ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበርና በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የሄደው በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱም ከፊቱ እየተጠረገ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች ተሻግሮ ነው። ያ ጉዞ ወራት ፈጅቷል። ክብደት ዋጋውን ያስከፈለው በብር ሳይሆን በመንገድና በጊዜ ነበር።

ስፍርና ሚዛን የሚለያዩ ቢመስሉም፣ መለኪያዎቹ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሄዱ እርስ በርስ ቦታ ሲለዋወጡ እናያለን። ይህ የነገሬ ሁሉ ማዕከል ነው።

ወርቅ የሚመዘንበትን «ወቄት» እንውሰድ። ወደ 28 ግራም፣ የአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር ያህል ነው። ቃሉ ከዐረብኛው «ወቂያ» የመጣ ነው፤ ዐረብኛው ከግሪክኛ፣ ግሪክኛው ከላቲኑ «ኡንኪያ» ተቀብሎታል። ኡንኪያ አንድ አሥራ ሁለተኛ ማለት ነው፤ ሮማውያን የክብደትንም የርዝመትንም አሥራ ሁለተኛ በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ከርዝመቱ «ኢንች» ወጣ፣ ከክብደቱ «አውንስ» እና የእኛው ወቄት። ስለዚህ ካርቶኑን በኢንች የሚለካው ሜትርና ወርቁን በወቄት የሚመዝነው ሚዛን የአንድ ቃል ልጆች ናቸው።

«ንጥር» ደግሞ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ማርያም የያዘችው የናርዶስ ሽቱ መለኪያ ነው። ግእዙ «ልጥር» ይለዋል፤ ምንጩ የግሪኩ «ሊትራ» ነው፤ ሊትራ የክብደት መለኪያ ነበር። ፈረንሳውያን በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አዲሱን የልኬት ሥርዓት ሲያወጡ ከዚሁ ዘር «ሊትር» የሚል ስም ለይዘት መለኪያ ሰጡት። ወንድማማቾቹ ተለያዩ፤ ንጥር በሚዛን ቀረ፣ ሊትር ወደ ስፍር ሄደ።

የ«ቶን» መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቶን መጀመሪያ ትልቅ የወይን በርሜል ነበር። መርከብ የሚለካው ስንት በርሜል ይይዛል ተብሎ ነው። 252 ጋሎን ወይን የሚይዘው በርሜል ክብደቱ ወደ 1,000 ኪሎ ስለሚጠጋ የበርሜሉ ስም የክብደት ስም ሆነ። ዛሬም ኮንቴይነር ሳይሞላ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ በባሕር የሚሄድ ጭነት 1 ሜትር ኩብ ወይም 1 ቶን፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ይሰላል። በርሜሉ ከሒሳቡ ውስጥ ገና አልወጣም ማለት ነው።

«ኩንታል» ግን የክብደት መለኪያ እንደሆነ ቀርቷል። ላቲኑ መቶ የሚለውን ቁጥር ይዞ «ኬንቴናሪዩም» አለ፤ ዐረብኛው «ቂንጣር» አደረገው፤ አውሮፓውያን ከዐረብኛ መልሰው ተቀብለው «ኩንታል» አሉት። እኛ ዛሬ ለ100 ኪሎ የምንጠራው እሱን ነው። ቡናችን በምርት ገበያ የሚሸጥበት «ፈረሱላ»፣ 17 ኪሎ፣ የመጣው ከዐረብ ነጋዴዎች ነው። «ካርቶን» የጣሊያንኛ ነው፤ ወፍራም ወረቀት ማለት ሲሆን ከግእዙ «ክርታስ» ጋር በግሪክኛ አንድ አያት አለው። «ፖስታ»ም የጣሊያንኛ ሲሆን መነሻው «የተቀመጠ» የሚል የላቲን ቃል ነው፤ ፈረስና መልእክተኛ በየርቀቱ ይቀመጡ ስለነበር ነው። የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆኗል። ኅብረቱም ሁለቱንም ወሰን ይዟል፦ በደብዳቤ መደብ የሚላክ ትንሽ ጥቅል ክብደቱ ከ2 ኪሎ፣ የሦስቱ ጎኖቹ ድምር ከ90፣ ረጅሙ ጎን ከ60 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል።

እንግዲህ የላኪዎቻችን ችግር ሕጉ ሳይሆን ስሙ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «ቮልዩም» ይባላል፤ ከሐሙሲት የመጣች እናት ግን ይህን ቃል አታውቀውም። ቮልዩም በላቲን ራሱ ጥቅል ማለት ነው፤ የመጽሐፍ ጥቅል። እኛ «ጥቅል»ን ለዕቃው ራሱ፣ «ጠቅላላ»ንም ለድምሩ ስለምንጠቀምበት እነዚህ ለቮልዩም ትርጉም አያገለግሉም። «የስፍር ክብደት» ግን ይበቃል። ቁና ያየ ሰው ሁሉ ሳይነገረው ይገባዋል፦ ዕቃው በሚዛን ብቻ ሳይሆን በሞላው ቦታም ተሰፍሯል ማለት ነው። በደረሰኝ ላይ «የሚዛን ክብደት 3 ኪሎ፣ የስፍር ክብደት 16 ኪሎ፣ የሚከፈለው በ16» ተብሎ ቢጻፍ ግማሹ ክርክር ከመነሻው ይቀራል።

ለሚልክ ሰውም አንድ ቃል አለኝ። ከቤት ሳትወጡ ካርቶኑን በሜትር ለኩ፣ አባዙ፣ ለ5,000 አካፍሉ። ካርቶኑ ለዕቃው ልክ የሆነ ይሁን፤ ባዶ ጥግ ሁሉ ይከፈልበታልና። መሶቡን ባዶውን አትላኩ። የስፍር ክብደቱ 16 ኪሎ ከሆነ፣ በርበሬውንና ሽሮውን በውስጡ አድርጋችሁ 16 ኪሎ እስኪደርስ ድረስ የምትከፍሉት አይጨምርም።