የድኾች ገንዘብና የሹሙ ጥቅም

ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሠርተውባት ነበር፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ግቢ የስዊድን መኰንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተባት። ወታደሩ፥ ነጋዴውና የእጅ ሠራተኛው ከየአገሩ እየመጣ ከገበሬው ጋራ ጎረቤት ሆነባት። ሰው ከዘመዱ በራቀ ጊዜ በሞቱ ቀን የሚቀብረው ጎረቤቱ ነውና በእንዲህ ያለ ስፍራ እድሩና ሰንበቴው እንደ እንጀራ ያስፈልጋሉ። በአገሩ የኖረው የኦሮሞ ሕዝብም ከብቱ ያለቀበትን ሰው ዘመዱና ጎረቤቱ አዋጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አለው።

ነገር ግን መዋጮ ባለበት ስፍራ ሁሉ ገንዘብ ያዥ ይኖራል፤ ገንዘብ ያዡም ቤት፥ ልጅ፥ ወንድምና ንግድ ያለው ሰው ነው። የእድሩ ድንኳን ባረጀ ጊዜ ሸራ የሚሸጠው ነጋዴ ራሱ የእድሩ ዳኛ ቢሆን፥ ወይም ለችግረኞች እህል ሲታደል የመዝጋቢው አክስት ከተራ ሰዎች ጋራ ብትቆም፥ ምን ሊደረግ ይገባል? ዛሬ የጥቅም ግጭት የሚባለው ይህ ነው። በትልቅ ከተማ ባዕድ ሰው ፈልጎ መሾም ይቻል ይሆናል፤ በአንድ አጥቢያ ግን ያልተጋባ፥ ክርስትና ያልተነሣሣ፥ በአንድ ንስሐ አባት ሥር ያልተሰበሰበ ሰው ከየት ይገኛል? ስለዚህ ነገሩን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው በአደባባይ አውጥቶ በሥርዓት መያዝ ነው።

ይህም ሥርዓት ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ትምህርት የሚመስላቸው አሉ፤ ተሳስተዋል። በግብረ ሐዋርያት በስድስተኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ የዕለት ምግብ ሲታደል መበለቶቻችን ተረሱብን ብለው ከግሪክ አገር ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን የሆኑት አጕረመረሙ። ሐዋርያት እኛን ትጠራጠራላችሁን ብለው አልተቈጡም፤ ሕዝቡ ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ እንጂ። የተመረጡትን ስሞች ያነበበ ሰው እስጢፋኖስ፥ ፊልጶስ፥ ጵሮኮሮስ፥ ኒቃሮና፥ ጢሞና፥ ጳርሜና፥ ኒቆላዎስ ሁሉም የግሪክ ስሞች መሆናቸውን ያያል። ተበደልን ያለው ወገን ማዕዱን እንዲጠብቅ ተሰጠው ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች የተዋጣውን ገንዘብ በላከ ጊዜ ብቻውን አልያዘውም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲሄድ አደረገ፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይገኝ ነው አለ። ጳውሎስን ሌባ ብሎ የጠረጠረው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ምስክር ፈለገ።

ከሐዋርያት ቀኖናት አንዱ ከዚህ ይልቅ ጠልቆ ይገባል። ኤጲስ ቆጶሱ የቤተ ክርስቲያንን ንብረት እግዚአብሔር እንደሚያየው ሆኖ ያስተዳድር፤ ከእርሱም ለራሱ አይውሰድ፤ ለዘመዶቹም አይስጥ፤ ነገር ግን ዘመዶቹ ድኾች ቢሆኑ እንደ ማናቸውም ድኻ ይርዳቸው ይላል። ሌላው ቀኖና ደግሞ የኤጲስ ቆጶሱ የግል ሀብት ከቤተ ክርስቲያኑ ተለይቶ በግልጥ እንዲታወቅ ያዝዛል፤ በሞተ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ገንዘቧን እንዳታጣ፥ ወራሾቹም የአባታቸውን እንዳይነጠቁ። የሁለቱንም ወገን መብት በአንድ ቃል መጠበቁ የሚያስደንቅ ነው።

በአገራችን ግን ይህን መለየት ለብዙ ዘመን አስቸጋሪ ሆኖ ኖረ። አለቃውና ካህናቱ የሚተዳደሩት ለአገልግሎታቸው በተሰጠ መሬት ነበርና የሚያስተዳድረው ሰው ራሱ ከሚካፈሉት አንዱ ነበረ። በኅዳር 1935 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ የመሬቱ ገቢ ወደ አንድ ግምጃ ቤት እንዲገባ አሰበ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በቃለ ዐዋዲ ሰበካ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ካህናት፥ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት ተመርጠው እንዲመክሩ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ በሆነ ጊዜ የመሬቱ ገቢ ቀረ፤ አጥቢያዎችም በአባላት መዋጮና በሙዳየ ምጽዋት መኖር ጀመሩ፤ ኋላም ብዙዎቹ በቅጥራቸው ዳር ሱቅ እየሠሩ ማከራየት ያዙ።

ፈተናው መልኩን የለወጠው በዚህ ጊዜ ነው። የሱቁን ኪራይ የሚወስነው ጉባኤ አባል ራሱ ወይም አማቹ ተከራይ ቢሆን ዋጋው ስለ ምን ዝቅ አለ ብሎ የሚጠይቅ ይታጣል። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1726 ዓ.ም. የተፈረደ አንድ ፍርድ ለዚህ ይመቻል። አንድ ሰው የገበያ ስፍራ ኪራይ ለአንድ ሕፃን በአደራ ይዞ ነበር። ዘመኑ ሲያልቅ የቦታው ባለቤት ለሕፃን አላድስም አለ፤ ባለ አደራውም በራሱ ስም ተዋዋለ። ማታለል አልተገኘበትም፤ ቢሆንም ኪራዩን ከነትርፉ ለሕፃኑ እንዲመልስ ተፈረደበት። ዳኛው ያሰበው ይህ ነው፦ ባለ አደራ እንዲህ ለራሱ መውሰድ ከተፈቀደለት ለሕፃናት የሚታደስ ውል እምብዛም አይገኝም። ጥብቅ ፍርድ ነው፤ ነገር ግን አግባብ ነው።

የእድር ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ ቁጥር 1113 እድርን፥ እቁብንና የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። እንግዲህ የእድር አጥሩ የገዛ ደንቡ ነው። በደንቡ ላይ ዳኛው፥ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሦስት ሰዎች እንዲሆኑ፥ ከባንክም ገንዘብ በአንድ ፊርማ እንዳይወጣ መጻፍ የተለመደ ነው። እምብዛም የማይጻፈው ግን ነገሩ የነካው ሹም አስቀድሞ በአፉ ተናግሮ ከሸንጎው ይውጣ፥ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር የሚለው ነው። ሸራው ከዳኛው ሱቅ ርካሽ ሆኖ ቢገኝ ይገዛ፤ ዋጋውን ያነጻጸሩት ግን ሌሎች ይሁኑ፤ የሌሎቹም ነጋዴዎች ዋጋ ከመዝገቡ ጋራ ይቀመጥ።

የሚያስቸግረው ግን ስስታሙ ሹም ብቻ አይደለም፤ ሐሜት የሚፈራው ደግ ሹም ደግሞ አለ። ይህ ሰው ለዘመዱ አደላ እንዳይባል የአክስቱን ስም ከመዝገብ ይፍቃል፤ እርስዋም ከጎረቤቶችዋ ይልቅ ድኻ ሆና ሳለች ባዶ እጅዋን ትመለሳለች። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ መበለት ዘመድ ያለው አማኝ ራሱ ይርዳት እንጂ በቤተ ክርስቲያን አያክብድባት ማለቱ እውነት ነው፤ ሹሙም ባለጸጋ ቢሆን ከቤቱ ይስጣት። እርሱም እንደ እርስዋ ድኻ ከሆነ ግን ቀኖናው እንደ ማናቸውም ድኻ ትረዳ ይላል። እንግዲህ መዝገቡን ለባልንጀራው ሰጥቶ ይውጣ፤ የቀሩት ቤትዋን አይተው፥ ጎረቤት ጠይቀው፥ የሚገባትን ይቍረጡላት፤ እርሱም ተጠርቶ እስኪገባ ድረስ በደጅ ይቈይ።