በቤት የተሠራ የዳርዝ ቬደር የራስ ቁር
ወፍራም ወረቀት፣ ፋይበርግላስ፣ ፖሊስተር ሬዚን፣ የመኪና ስቱኮ፣ ጥቁር ቀለም

በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም ዳርዝ ቬደር የተባለው ገጸ ባሕርይ ያደረገው ቁር ራሱ ከፋይበርግላስ የተሠራ ነበር። በቤት የሚሠራው ከወረቀት ይጀምራል፤ ተቆርጦና ታጥፎ በሙጫ የተያያዘው ቅርጽ ከላይ ሬዚን ይቀባል። ጥንካሬው የሚመጣው ግን ከውስጥ ነው፤ በሬዚን የራሰ የፋይበርግላስ ጨርቅ በብሩሽ እየተጠቀጠቀ ይለጠፋል። ከሥሩ የቀረ የአየር አረፋ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ካልወጣ ቁሩ የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው። በሬዚኑ ላይ ማጠንከሪያ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ይጨመራል፤ ሲበዛ ሬዚኑ ግሎ ወረቀቱን ያጣምማል። ከሬዚኑ የሚወጣው የስታይሪን ትነት መተንፈሻን ስለሚያስቆጣ ሥራው በደጅ፣ በጭምብልና በጓንት ይከናወናል። ላዩ በስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ አብረቅራቂ ጥቁር ቀለም ትንሿን ጭረት እንኳ ስለማይደብቅ ረጅሙ ሥራ ይህ ነው። ውስጡ በስፖንጅ ይደለደላል።