ፕኒና ታማኖ ሻታ

ፕኒና ታማኖ ሻታ (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1981 የተወለዱ) የሕግ ባለሙያ፣ ጋዜጠኛ፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊት የእስራኤል ፖለቲከኛና የቀድሞ ሚኒስትር ናቸው። የተወለዱት በጎንደር አቅራቢያ በምትገኘው ውዛባ መንደር፣ ከቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ቤተሰብ ነው። በ3 ዓመታቸው፣ በ1984 በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተጓዙ፤ ከአባታቸውና ከወንድሞቻቸው ጋር ሲሄዱ እናታቸው ከዓመታት በኋላ ደረሱ።  በኦኖ አካዳሚክ ኮሌጅ ሕግ አጥንተው፣ በእስራኤል ቴሌቪዥን በዘጋቢነት ሠርተዋል።

በ2013 በየሽ አቲድ ፓርቲ ዕጩነት ለክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) ተመርጠው፣ ወደ ምክር ቤቱ የገቡ የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ በክኔሴት ግቢ ደም ለመለገስ ቀርበው በትውልድ አገራቸው ምክንያት መከልከላቸው በአገሪቱ ሰፊ ክርክር አስነሣ። በ2015 መቀመጫቸውን አጥተው በ2018 ተመለሱ።

ከግንቦት 2020 እስከ ታኅሣሥ 2022 የስደተኞች ቅበላና ውህደት ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል፤ በእስራኤል የሚኒስትርነት ሹመት ያገኙ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ተወላጅ ናቸው። በ2020 መጨረሻ የጀመረውና በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ሲጠባበቁ የቆዩ ሰዎችን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው «ጹር እስራኤል» ዘመቻ የተካሄደው በሥልጣን ዘመናቸው ነው።