የቀጥቃጩ እጅ

ስለ ከፋ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ቡናው ነው፤ ቀጥሎ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ። ደግ! ሁለቱም ይገባቸዋል። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ጫካ የመነጠረው ገጀራ፣ ማሳ የቆፈረው ዶማ፣ በ1889 ዓ.ም. ዘመቻ ከፋ የተከላከለበት ጦር ከየት መጣ? ከቀጥቃጭ እጅ ነዋ!

በከፋ ነገሥታት ዘመን ቀጥቃጮቹ ‹ቀሞ› ይባሉ ነበር። ብረቱ ይፈለጋል፣ ሰውየው ግን ይናቃል፤ ከገበሬው ጋር እንኳ አይጋባም። ከወናፉና ከመስፉ አጠገብ ፍንጣሪ ዓይን ያጠፋል፣ ፍም እጅ ይለበልባል፣ መዶሻ ጣት ይጨፈልቃል። ታሪካችን የነገሥታቱን ተራ ይዞልናል። የቀጥቃጩን ጣት ማን ቆጠረ?

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነገሩ። ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ዐዋጁ ስሙን እንጂ ጣቱን አልጠበቀለትም።

ከዚያ ደግሞ ማሽን መጣ፦ ቶርኖው፣ ትራፓኑ፣ ኋላም ፍሌክሱ። መዶሻ ሰውየው ሲደክመው ያርፋል። ቶርኖ ድካም አያውቅም፤ የእጅጌ ጫፍ ከያዘ ክንዱን አብሮ ይስባል። እጅ ይጠብቃል ያልነው ጓንት እንኳ ከሚሽከረከር ብረት አጠገብ ጠላት ይሆናል። የፍሌክስ ድንጋይም ከተሰነጠቀ እንደ ጥይት ይበራል።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ በ1956 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1968፣ በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ። የመጨረሻው፣ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የተጎዳው ሠራተኛ እስከ ዓመት ድረስ ክፍያ አለው፦ 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ 3 ወር ከመቶ 75፣ የቀረውን 6 ወር ከመቶ 50። አሠሪው ጉዳቱን መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ ማስታወቅም አለበት። በቃል የተቀጠረም ሠራተኛ ሠራተኛ ነው። ይህን ስንቱ ያውቃል? ለራሱ የሚሠራው ባለ ወርክሾፕስ? አሠሪውም ሠራተኛውም እሱው ነው፤ ካሣውን ከማን ይጠይቅ?

ባለፈው ክረምት ቦንጋ ሳለሁ የብረት በር የሚሠሩ አንድ ጋሼ ዘንድ ቁጭ ብዬ ነበር። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት የለውም። «ጋሼ፣ ይኼ የት ተመዘገበ?» ብላቸው ሳቁብኝ። እጃቸውን አንሥተው፣ «ይኸው እዚህ!» አሉኝ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትገቡ ስለ ነገሥታቱ ከሽማግሌ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ጠይቁ። ስትመለሱ ግን ብየዳ ቤቱም ጎራ በሉ። ደብተራችሁን አውጡና፣ ማን፣ መቼ፣ በምን ማሽን እንደተጎዳ ጻፉ። ያልተጻፈ ጣት ዛሬ ካሣ አያገኝም፤ ነገም ታሪክ አይሆንም።