ያለ ጳጳስ የቆዩ 23 ዓመታት

አቡነ ባስልዮስ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. በእመቤታችን በዓል ዕለት በካይሮ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው ሲሾሙ፣ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ 1,600 ዓመት ያህል የቆየ ደጅ ጥናት ተፈጸመ። እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያ ከልጆችዋ መካከል አንድ ጳጳስ እንኳ አልነበራትም፤ ጳጳስ ከመንበረ ማርቆስ ይላክ ነበር እንጂ። በፍትሐ ነገሥት በተጻፈው ሥርዓት መሠረት ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መርጠው ሊሾሙ አይፈቀድላቸውም ነበር።

የመጣው ጳጳስ ባረፈ ጊዜ እንግዲህ መልእክተኞች እጅ መንሻ ይዘው ወደ ካይሮ ይወርዳሉ። ሱልጣኑ ካልፈቀደ ፓትርያርኩ ሊልክ አይችልም። መንገዱ ረጅም ነው፤ በመንገድም የሚሞት አለ። እስከዚያ ድረስ በአገር ቤት ዲቁናና ቅስና የሚሰጥ የለም፤ ታቦት የሚባርክ የለም። አሮጌው ቄስ ሲሞት የሚተካው ካልተገኘ ቅዳሴ ይቋረጣል፤ ሕፃናት የሚያጠምቃቸው፣ ሙታንም የሚፈታቸው ያጣሉ። ባዶ መንበር ማለት ለባላገሩ ይህ ነበር።

እንዲህ ያለው ችግር የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በአሥረኛው ምእት ዓመት አንድ ንጉሥ በሐሰተኛ ደብዳቤ ተታሎ ጳጳሱን አቡነ ጴጥሮስን ስላሳደደ፣ ብዙ ፓትርያርኮች ተከታትለው እስኪያልፉ ድረስ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ሳይላክ ቀረ። በኋላ የተነሣው ንጉሥ ንግሥቲቱ አገሩን ባጠፋች ጊዜ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የምልጃ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፓትርያርክ ፊላታዎስም በንጉሡ ልመና አባ ዳንኤልን ላከ።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ግን በአሥራ አምስተኛው ምእት ዓመት የሆነው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ አገሩ 23 ዓመት ያለ ጳጳስ ቆይቶ ነበር። ነገሥታቱ ከእስክንድርያ ጳጳስ አንፈልግም እንዳሉም ይተርካል፤ ምክንያቱን ሮምን ከመውደድ ማድረጉ ግን የአልቫሬዝ የራሱ ምኞት ሳይጨመርበት አልቀረም። በ1481 መልእክተኞች ወደ ሱልጣን ቃይትባይ ተላኩ፤ ከእነርሱም ወደ ኢየሩሳሌም የተሻገሩ ነበሩ። አባ ይስሐቅና አባ ማርቆስ በዚያ ዘመን ገቡ። የዐፄ እስክንድርን ዘመን የሚያወሳው ዜና መዋዕል ካህናት እንደ በዙ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ታደሱ፣ አገሩም እንደ ተደሰተ ይናገራል።

በዚህ ላይ ጥቂት ማሰብ ይገባል። ካህን በአንድ ቀን አይበዛም። ዳዊት ለመድገም፣ ዜማ ለመያዝ፣ ቅዳሴ ለማጥናት ዓመታት ያስፈልጋሉ። ጳጳሳቱ እጃቸውን የጫኑባቸው ሰዎች ትምህርታቸውን የጨረሱት እጅ የሚጭን በሌለበት ጊዜ ነው። እንግዲህ በእነዚያ 23 ዓመታት ውስጥ መምህሩ ተማሪውን፣ ዲቁና የሚሰጠው መቼ እንደሚመጣ ሳያውቅ ሲያስተምር ኖሯል፤ ተማሪውም ቆሎውን ይዞ ሲማር ኖሯል። ስማቸውን የጻፈ የለም። ስለ ነገሥታቱና ስለ ጳጳሳቱ የተጻፈው ብዙ ነው፤ መንበሩ ባዶ ሳለ ቤተ ክርስቲያንን ያቆዩአት ግን እነርሱ ናቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

አልቫሬዝ አቡነ ማርቆስን ያገኛቸው እጅግ ካረጁ በኋላ ነው። በአንድ ቀን ከ2,000 በላይ ሰዎች ሲሾሙ አይቷል። ድንኳን ተተከለ፤ ሕዝቡ ረድፍ ይዞ ቆመ፤ መጽሐፍ የያዙ ካህናት እያንዳንዱን ጥቂት ቃል ያስነብቡታል፤ ያነበበው ቀኝ ክንዱ ላይ በቀለም ማኅተም ይመታለታል፤ ከዚያም ወደ ጳጳሱ ይቀርባል። የዲቁናው ተራ በደረሰ ጊዜ ግን እንግዳውን ያስደነገጠ ነገር መጣ፤ መናገር የማይችሉ ሕፃናት በሰው እቅፍ ሆነው ቀረቡ፤ የልቅሶአቸውም ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። አልቫሬዝ ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ጳጳሱም ሕፃናቱ አድገው እንደሚማሩ፣ እርሳቸው ግን እንዳረጁ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ኢትዮጵያ ሌላ ጳጳስ መቼ እንደምታገኝ የሚያውቅ እንደሌለ ነገሩት፤ የቀድሞውንም 23 ዓመት አነሡለት።

አልቫሬዝ ሥርዓት ፈረሰ ብሎ ነቀፈ፤ በቀኖናው በኩልም ነቀፌታው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳሩ ግን ልጁን ታቅፎ የመጣው አባት እግዚአብሔርን ስለ ተጠራጠረ ነው የመጣው ማለት ይከብዳል። ተስፋ የቈረጠ ሰው ልጁን ለክህነት አያቀርብም፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንደሚቆይ፣ በውስጡም የሚቀድስ እንደሚያስፈልግ ያመነ ነው እንጂ። ጳጳሱ ይሞታል፤ መሠዊያው ግን ይኖራል ብሎ ነው። ፍርሃትና እምነት በአንድ እቅፍ ውስጥ ነበሩ።

የፈሩትም አልቀረ። አቡነ ማርቆስ ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። የግራኝ ጦርነት ተነሣ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ዐፄ ልብነ ድንግል በስደት ሲንከራተቱ በ1540 በደብረ ዳሞ ሞቱ። ወደ ካይሮ መልእክተኛና እጅ መንሻ መላክም አስቸጋሪ ነበር። በዚህ ጊዜ ገና በሕይወት ከተረፉት ዲያቆናት መካከል እነዚያ በእቅፍ የቀረቡት ሕፃናት ሳይገኙ አይቀሩም፤ ለማገልገል የደረሱትም በዚያ በክፉው ዘመን ይሆናል። አቡነ ዮሳብ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ 1548 ገደማ፣ ኢትዮጵያ ሲገቡ ከእነዚያ ሕፃናት በሕይወት የተረፉት ካሉ ዕድሜአቸው ከ20 ዓመት አልፎ ነበር፤ ቅስና ለመቀበልም የሚቀርቡበትን ጳጳስ ያገኙት ያን ጊዜ ይሆናል።